ስለ ትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር ጉምጉምታና ስለ መለዋወጫ ቫልቭ አመራረጥ

የሙዚቃ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ውስጥ፣ ገዢው ወስዶ ከመለሳቸው ዕቃዎች መካከል የአምፕሊፋየር ቫልቭ ሳይገኝ አይቀርም። ነገሩም የሚሆነው እንደሚከተለው ነው። ባለ ጊታሩ አምፕሊፋየሩን ሲያበራው፣ ጣቱ ገና ክሩን ሳይነካ፣ ከንብ ቀፎ እንደሚወጣ ያለ ጉምጉምታ ከስፒከሩ ይሰማል። ሰው ሁሉ እንደሚገምተው፣ እርሱም የተበላሸው በዓይን የሚታየውና በእጅ የሚነቀለው ነገር ነው ብሎ ይገምታል፤ ስለዚህ ወደ መደብር ሄዶ ቫልቭ ይገዛል። በማግሥቱ ግን ጉምጉምታው እንዳለ ስለ ሆነ ቫልቩን ይዞ ይመለሳል። ነጋዴውም ወይ የተከፈተ ሣጥን ይቀርበታል፣ ወይም ደንበኛውን ያስቀይማል። የሚያሳዝነው አዲሱ ቫልቭ ደኅና መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ተነቅሎ የተጣለው አሮጌውም ደኅና ነበረ፤ ምናልባትም በዋጋ ከአዲሱ የሚበልጥ ነበረ።

ባለሙያዎች ይህን ጉምጉምታ ሃም ይሉታል። ምንጩ ብዙ ነው፤ ቫልቭ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ምንጩን ለይቶ ማወቅም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ለመጀመሪያው ምርመራ ጆሮና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ክፍል፣ የፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይሠራው የነበረውን ሻምፕ የተባለ ትንሽ አምፕሊፋየር መውሰድ ይቻላል። ለጀማሪ ተማሪ ታስቦ የተሠራ፣ 5 ዋት ያህል ኃይልና ባለ 8 ኢንች አንድ ስፒከር ያለው ሣጥን ነው። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ በልዩ ልዩ አገር ይገለበጣል። በውስጡ ያሉት ቫልቮች ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛው 12ኤኤክስ7 የሚባለው ሲሆን፣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክፍል ይዞ ከጊታር የሚመጣውን ደካማ ምልክት ሁለት ጊዜ ያጎላል። ሁለተኛው 6ቪ6 ነው፤ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል የሚሰጥ እርሱ ነው። ሦስተኛው 5ዋይ3 ድምፅ ነክቶ አያውቅም፤ ሥራው ተመላላሹን የመብራት ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ይህ ዓይነት ትንሽ አምፕሊፋየር ከትልልቆቹ ይልቅ ለጉምጉምታ የተጋለጠ መሆኑን ሻጩ አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው። በትልልቆቹ ውስጥ ሁለት የኃይል ቫልቮች አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ስለሚሠሩ፣ ከኃይል መስጫው የሚመጣው ጉምጉምታ በሁለቱ መካከል እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በሻምፕ ያለው የኃይል ቫልቭ አንድ ብቻ በመሆኑ የሚያጠፋለት ጓደኛ የለውም። ስለዚህ ጨርሶ ዝም የሚል ሻምፕ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ጆሮን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ሲያዳምጡ ጥቂት ጉምጉምታ ቢሰማ በሽታ አይደለም፤ ከክፍሉ ማዶ የሚሰማ ከሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ የሚመረመረው የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ነው። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በቀጥታ ከዚህ የሚመጣ ጉምጉምታ 50 ንዝረት ያለው ወፍራም ድምፅ ነው። 5ዋይ3 ግን የኃይሉን ሁለቱን ገጽ ስለሚያሳልፍ፣ ከኃይል መስጫው የሚመጣው ጉምጉምታ እጥፍ፣ ማለት 100 ንዝረት ሆኖ ሻከር ብሎ ይሰማል። ባለ ጊታሩ ይህን በገዛ መሣሪያው ሊለየው ይችላል። የጊታሩ ስድስተኛ፣ ማለት ወፍራሙ ክር በሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 98 ንዝረት ይሰጣል። ጉምጉምታው ከዚህ ድምፅ ጋር እኩል ወይም እጅግ የቀረበ ከሆነ ተጠርጣሪው የኃይል መስጫው ነው። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ከሆነ የማሞቂያው ሽቦ፣ የመሬት መስመር፣ ገመዱ ወይም ቫልቩ ራሱ ይጠረጠራል። በአሜሪካ ኃይሉ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በዚያ አገር የታተሙ የጥገና መጻሕፍት 60ና 120 እያሉ ይጽፋሉ፤ አንባቢው በቁጥሩ መለያየት ግራ እንዳይጋባ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ጊታሩ ይነቀላል። ጉምጉምታው አብሮ ከጠፋ አምፕሊፋየሩ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ በጊታሩ፣ በገመዱ ወይም በአቅራቢያው ባለ የፍሎረሰንት መብራት ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ያለው ጊታር እንደ አንቴና የመብራቱን ኃይል ይለቅማል፤ ተጫዋቹ በወንበሩ ላይ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞር ጉምጉምታው ከፍና ዝቅ ካለ ማስረጃው ይህ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ቫልቭ መሸጥ የራስ ምታት ላለበት ሰው ጫማ እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

ጊታሩ ተነቅሎም ጉምጉምታው ካልጠፋ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ይዞራል። በሻምፕ ይህ ቁልፍ የተቀመጠው በ12ኤኤክስ7 ሁለት ክፍሎች መካከል ነው። ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር ጉምጉምታው አብሮ ከጨመረና ከቀነሰ ምንጩ ከቁልፉ በፊት፣ ማለት በመጀመሪያው ክፍል ወይም በመግቢያው ሶኬት ነው። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተዘግቶም የማይለወጥ ከሆነ ምንጩ ከቁልፉ በኋላ ነው። በመጨረሻም አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ ቫልቮቹ ከቀዘቀዙ በኋላ፣ 12ኤኤክስ7 ብቻውን ተነቅሎ እንደገና ይበራል። አሁንም ከጎመጎመ፣ የተነቀለው ቫልቭ ሊወቀስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ይህ ሁሉ ሲደረግ ስፒከሩ መነቀል የለበትም፤ የቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ሲሠራ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላልና።

በዚህ መንገድ ሲፈተን፣ ብዙ ዘመን ባሳለፈ አምፕሊፋየር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት የኃይል መስጫው ኮንደንሰሮች ናቸው። ከ5ዋይ3 የሚወጣው ኃይል አንድ አቅጣጫ ይያዝ እንጂ እንደ ልብ ምት የሚዘል ነው። ኮንደንሰር በዚህ ጊዜ የውሃ ጋን ያደርጋል፤ ሲሞላ እየያዘ፣ ሲጎድል እየለቀቀ ፍሰቱን ያስተካክላል። በሻምፕ ያሉት ሦስት ሲሆኑ የመጀመሪያው 16፣ የቀሩት ሁለቱ 8፣ 8 ማይክሮፋራድ ናቸው፤ የሚችሉትም 450 ቮልት ነው። በውስጣቸው ያለው እርጥብ ነገር በዘመን ብዛት ስለሚደርቅ ጋኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ መጠኑም ጉምጉምታ ይሆናል። በዚህ ረገድ ነጋዴው አንድ ልዩነት ማወቅ አለበት። በሣጥኑ ውስጥ ሳይነካ 50 ዓመት የኖረ ቫልቭ ዛሬም እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል፤ በሣጥኑ ውስጥ 50 ዓመት የኖረ ኮንደንሰር ግን ተቀምጦም አርጅቷል። ያልተሠራበት ነው ተብሎ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ ቢመጣ በነጻም መቀበል አይገባም።

ሲተካ መጠኑን ማብዛት ጉምጉምታውን የሚጨርስ ለሚመስላቸው ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ። የመጀመሪያው 16 የነበረው 20 ወይም 22 ቢሆን አይጎዳም። 100 ማይክሮፋራድ ቢደረግ ግን አምፕሊፋየሩ በበራ ቁጥር ያን ሰፊ ጋን ለመሙላት ከ5ዋይ3 ከአቅሙ በላይ ስለሚጠየቅ ዕድሜው ያጥራል። ጋኑን ማስፋት የሚቻለው ከመጀመሪያው በኋላ ባሉት ላይ ነው።

ይህን ሥራ ግን ማንም ተነሥቶ እንዳይሠራው ያስፈልጋል። በሻምፕ ውስጥ ያለው ቮልት ከ300 በላይ ነው። ከዚህም የሚከፋው ስፒናው ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮንደንሰሮቹ ይህን ኃይል ይዘው ሊቈዩ መቻላቸው ነው። ሰውን ለመግደል ይበቃል። የሚያውቅ ጠጋኝ አስቀድሞ ስፒናውን ይነቅላል፤ ከዚያም 10,000 ኦም በሚሆን ወፍራም ሬዚስተር የእያንዳንዱን ኮንደንሰር ኃይል ወደ መሬቱ ያፈስሳል፤ በመጨረሻም በሜትር ለክቶ ዜሮ መድረሱን ሳያይ ጣቱን አያስገባም። ጠመዝማዥ በሁለቱ ጫፍ ላይ አጋድሞ ብልጭ ማሰኘት አንዳንዶች የሚያደርጉት የድፍረት ሥራ ነው፤ ኮንደንሰሩንም ይጎዳል። መደብሩ የራሱ ጠጋኝ ከሌለው ኮንደንሰሩን ብቻ ሸጦ ደንበኛውን ከማሰናበት፣ የሚያውቅ ሰው ወዳለበት መምራት ይሻላል።

በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች ሌላም አደጋ አለባቸው። የመብራት ገመዳቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ በትንሽ ኮንደንሰር በኩል ከብረቱ አካል ጋር ይገናኛል። ይህ ኮንደንሰር የተበላሸ ቀን ብረቱ፣ ከብረቱም ጋር የጊታሩ ክር፣ የመብራት ኃይል ይለብሳል። ተጫዋቹ አንድ እጁ በክሩ ላይ እንዳለ ከንፈሩ የዘፈን ማይክሮፎን ከነካ የሚደርሰው አይነገርም። መድኃኒቱ ያን ኮንደንሰር አውጥቶ፣ የመሬት መስመር ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ማስገባትና ሦስተኛውን ሽቦ ከብረቱ ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። ይህን ማድረግ ጉምጉምታንም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር በኢትዮጵያ ሲሠራ የራሱ ችግር ይጨመርበታል። ሻምፕ የተሠራው ለ117 ቮልትና ለ60 ምልልስ ነው፤ በኢትዮጵያ ያለው 220 ቮልትና 50 ምልልስ ነው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 110 ይለውጠዋል እንጂ ምልልሱን አይለውጠውም። የትራንስፎርመር ብረት ድካም የሚለካው ቮልቱ ለምልልሱ ተካፍሎ ነው። 117 ለ60 ሲካፈል 1.95 ይሆናል፤ 110 ለ50 ሲካፈል 2.2 ይሆናል። እንግዲህ ብረቱ ከታሰበለት 13 በመቶ ያህል በላይ ይሸከማል፤ ይግላል፤ ራሱም ይጎመጉማል። ይህ ጉምጉምታ ከስፒከሩ ሳይሆን ከሣጥኑ ብረት ስለ ሆነ፣ እጅ በላዩ ቢደረግ ንዝረቱ ይታወቃል፤ ቫልቭ ሁሉ ቢለወጥ አይነካውም። ብረቱን ለማሳረፍ ቮልቱን እስከ 98 ማውረድ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቫልቭ ማሞቂያ 5.3 ብቻ ስለሚያገኝ ካቶዱ በሚገባ አይግልም። በ110 ላይ ማሞቂያው 5.9 ያገኛል፤ ይህም ከተፈቀደው የ10 በመቶ ልዩነት አያልፍም። ስለዚህ 110 የተሻለው ስምምነት ነው። ብዙ ሰዓት የሚጫወትበት ሰው ግን ለ50 ምልልስ የተሠራ ባለ 220 ቮልት ትራንስፎርመር ቢያስገባ ገንዘቡ አይባክንም። ለጉዞ የፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል የቮልት መቀነሻዎች ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም።

ሁሉም ተፈትኖ ወፍራሙ የ50 ጉምጉምታ ካልጠፋ የማሞቂያው ሽቦ ይታያል። በሻምፕ የ6.3 ቮልቱ አንድ ጫፍ ከብረቱ ጋር ታስሯል። ይህ እስራት ተፈትቶ፣ ከሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው በ100 ኦም ሬዚስተር ወደ መሬት ቢሄዱ፣ ሁለቱ ሽቦዎችም እንደ ገመድ ቢገመዱ፣ የአንዱን ጉምጉምታ የሌላው ያጠፋዋል። ትራንስፎርመሩ ለማሞቂያው የራሱ መካከለኛ ሽቦ ካለውና መሬት ከነካ ግን ሬዚስተሮቹ አያስፈልጉም። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ውጤቱ ግን ከማንኛውም ውድ ቫልቭ ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ቫልቭ ወደ መግዛት እንመለስ። ቫልቭ ራሱ የሚጎመጉመው፣ በብርጭቆው ውስጥ በማሞቂያውና በካቶዱ መካከል ያለው መጋረጃ ሲሳሳና ኃይሉ ሲያፈተልክ ነው። ይህን የሚያረጋግጠው ፈተና አንድ ነው፤ ደኅንነቱ በታወቀ ሌላ ቫልቭ መለወጥ።

በቫልቭ ንግድ ላይ የታተመው ስምና የሠራው ፋብሪካ የተለያዩ ናቸው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሥራውን ትተዋል። ከዚያ በኋላ ዓለም በአብዛኛው የሚገዛው ከሩሲያ፣ ከስሎቫኪያና ከቻይና ነው። ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ፣ ተንግሶልና ማላርድ የሚሉ ስሞች በልዩ ልዩ ሣጥን ሲታዩ ተፎካካሪ ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን አንድ ነው፤ በስሞቹ የሚሸጡትም በሩሲያ በሳራቶቭ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። የጥንቱ ማላርድ የእንግሊዝ ነበረ፤ ዛሬ በአዲሱ ሣጥን ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሩሲያ ወደ ውጭ የሚላከውን ዕቃ በገደበች ጊዜ፣ ልዩ ልዩ ስም ገዝቶ አቅራቢውን ያበዛ የመሰለው ነጋዴ ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጁን የቀረው ስለዚህ ነው። እውነተኛ አማራጭ የሚፈልግ፣ ለምሳሌ ጄጄ ከተባለው ከስሎቫኪያው ፋብሪካ ጭምር ማስመጣት ይኖርበታል።

ቁጥሩ ከስሙ የበለጠ ይናገራል። በአሜሪካ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር የማሞቂያውን ቮልት ያመለክታል፤ 5 ለ5 ቮልት፣ 6 ለ6.3፣ 12 ለ12.6፤ 12ኤኤክስ7 ግን ማሞቂያው ከመካከል ስለ ተከፈለ በ6.3ም ይሠራል። በአውሮፓ አጻጻፍ ይኸው ቫልቭ ኢሲሲ83 ይባላል፤ የመጀመሪያው ፊደል 6.3 ቮልትን፣ ሁለቱ ተመሳሳይ ፊደሎች ሁለት ክፍል መሆኑን ያስረዳሉ። 7025 የሚለው ቁጥር በጥንት ጊዜ ጉምጉምታው እንዲያንስ ተብሎ ለተሠራው ዓይነት የተሰጠ ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ከ12ኤኤክስ7 ጋር አብሮ በአንድ ሣጥን ላይ ስለሚታተም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የድምፁ ጉልበት እንዲቀንስለት ለሚፈልግ ደግሞ 5751 በዚያው ሶኬት ይገባል፤ ማጉላቱ 100 በነበረው ፋንታ 70 ያህል ሲሆን፣ ከቁልፉ በፊት ያለውም ጉምጉምታ በዚያው መጠን ያንሳል።

በኃይል ቫልቩ ላይ ግን መሞከር አይገባም። 6ኤል6 በ6ቪ6 ሶኬት ውስጥ መግባቱ እውነት ነው፤ ማሞቂያው ግን 0.45 አምፔር በነበረው ፋንታ 0.9 ስለሚጠጣ የሻምፕን ትንሽ ትራንስፎርመር ያደክማል። ከ5ዋይ3 ይልቅ ጂዜድ34 ቢገባ ድምፁ ይበረታል የሚሉ አሉ፤ የሚበረታው ቮልቱ ነው፤ ጂዜድ34 ከ5ዋይ3 ይልቅ በውስጡ የሚያስቀረው ቮልት ጥቂት ስለ ሆነ ትርፉ ሁሉ በ6ቪ6 ላይ ይወድቃል። በዛሬዎቹ ፋብሪካዎች 5ዋይ3 ተብለው ከሚሠሩትም አንዳንዶቹ ከጥንቱ የበለጠ ቮልት ያሳልፋሉ። ስለዚህ ቫልቭ በተለወጠ ቁጥር የሚያውቅ ጠጋኝ በ6ቪ6 ካቶድ ላይ ባለው በ470 ኦሙ ሬዚስተር ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት ይለካል። 19 ቮልት ቢገኝ፣ ለ470 ሲካፈል 0.040 አምፔር ይሆናል። በፕሌቱና በካቶዱ መካከል 300 ቮልት ካለ፣ ሁለቱ ሲባዙ 12 ዋት ይመጣል፤ ይህም ለጥንቱ 6ቪ6 የተወሰነው ጫፍ ነው። ከዚህ እጅግ አልፎ ፕሌቱ ቀይ ሆኖ ከታየ አምፕሊፋየሩ ወዲያው ይጥፋ።

አሮጌ ቫልቭ ሲገዛ በብርጭቆው አናት ያለው የመስተዋት መልክ ይታያል። ብርማ ወይም ጥቁር ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ አየር ገብቶታልና ሞቷል። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ መልቀቁ አስመስሎ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት አይደለም፤ የእውነተኛዎቹም ጽሑፍ ይለቅቃል። 12ኤኤክስ7 በመሥራት ላይ ሳለ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ተደርጎ ሲነካ ከስፒከሩ እንደ ደወል ከጮኸ፣ ለመጀመሪያው ደረጃ አይሆንም።

መደብሩ በመሳቢያው ውስጥ ለሽያጭ የማይቀርብ፣ ተፈትኖ ደኅንነቱ የታወቀ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዳንድ ቫልቭ ቢያኖር፣ ደንበኛውም ቫልቩን ብቻ ሳይሆን አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ እንዲመጣ ቢጠየቅ፣ የሻጩ ሣጥን ሳይከፈት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ይለያል። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ቫልቭ ይሁን፣ ኮንደንሰር ይሁን፣ ወይም ሁለት የ100 ኦም ሬዚስተር፣ በደረሰኙ ላይ የተፈተነበት ቀንና የተሰማው ጉምጉምታ ዓይነት ይጻፍበታል።